ለመቅዳት ዲሽ ወይስ ኢንተርኔት? ጓሳ ላይ ያለ ቤት ምርጫ

ጥር 11 ቀን ማለዳ መንዝ ውስጥ ቤቱ የሚገኝ ሰው ጥቂት ነው። ታቦታቱ ውኃ ዳር አድረዋል፤ ሽማግሌው ጋቢውን ተከናንቦ፣ ወጣቱ ዱላውን ይዞ፣ እናቶች እልል እያሉ ሁሉም እዚያው ነው። በዚያው ሰዓት ቴሌቪዥን የጃን ሜዳውን በዓል በቀጥታ ያስተላልፋል። ታቦት ሸኝቶ ቤቱ የሚገባው ሰው ግን ሌላ ዝግጅት ተጀምሮ ይደርሳል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሙ ስልኩን አውጥቶ ያመለጠውን ዩቲዩብ ላይ ይፈልጋል። መንዝ ውስጥ ጓሳ ጥግ ላለ ቤት ይህ ሁልጊዜ አይሆንለትም።

ቴሌቪዥን ቤት ውስጥ መቅዳት የሚጠቅመው ለእንዲህ ያለው ሰዓት ነው። ስለዚህ ከየት ልቅዳ ብሎ የሚያስብ ሰው ከቻናል ብዛትና ከምስል ጥራት በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ የቤቱ ሰው ማሳ፣ ገበያ ወይም ለቅሶ ላይ ሳለ፣ ሪሞት የሚነካ በሌለበት፣ ሳይቆረጥ የሚመጣው የትኛው ነው? ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በሙሉ የዚህን ጥያቄ መልስ ተከትሎ የሚሄድ ነው።

አስቀድሞ ከባሕር ማዶ ስለሚመጣ ምክር አንድ ነገር ማለት ይገባል። አሜሪካ ውስጥ ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ በኬብልና በኢንተርኔት መካከል ነው። መንዝ ውስጥ የኬብሉን ቦታ የያዘው ዲሽ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ዘመድ «መቅጃ ልላክላችሁ» ሲል ደግነቱ ሳይጎዳ መመለስ ያለበት ለዚህ ነው፤ እዚያ በየሱቁ የሚሸጠው መቅጃ ለአሜሪካ ኬብልና ለአሜሪካ የአየር ሥርጭት የተሠራ በመሆኑ የእኛን የሳተላይት ሞገድ አያውቀውም። እዚያም ቢሆን ኬብል ከሌላ ሰው መቅጃ ጋር መሥራቱ እየቀረ ነው፤ የአገሪቱ የመገናኛ ኮሚሽን የኬብል ኩባንያዎች ለገለልተኛ መቅጃ የሚሆን ካርድ የማቅረብ ግዴታቸውን በ2020 እ.ኤ.አ. አንስቶላቸዋል። ዘመድ የግድ ይላክ ካለ ምን እንደሚላክ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

መጀመሪያ መብራቱን ይመዝግቡ

ሪሲቨር ከመግዛትዎ በፊት ደብተር ይያዙ። ለሁለት ሳምንት ያህል መብራት የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት ይጻፉ። ብዙ ሰው «መብራት ይጠፋል» ይላል እንጂ በስንት ሰዓት እንደሚጠፋ አይመዘግብም። ሊቀዱት የሚፈልጉት የምሽት 2 ሰዓት ዜና ከሆነና መብራቱ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ከሆነ፣ ውድ ሪሲቨር ከመግዛት ባትሪ መግዛት ይቀድማል።

ዲሽ እዚህ ላይ ትልቅ ብልጫ አለው። ለመቅዳት ቴሌቪዥኑ መብራት አያስፈልገውም፤ ሪሲቨሩ ብቻ ይበቃል። አነስተኛ ሪሲቨሮች ብዙዎቹ በ12 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። ቻርጀራቸው ላይ «12 ቮልት፣ 1.5 አምፔር» የሚል ከተጻፈ ቢበዛ 18 ዋት ይስባሉ ማለት ነው፤ በሥራ ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ያንሳል። ሶላር ያለው ቤት እንዲህ ያለውን ሪሲቨር ያለ ኢንቨርተር በቀጥታ ከባትሪ ሊያሠራው ይችላል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት የሆነች ትንሽ ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ትይዛለች፤ ዕድሜዋ እንዳያጥር ግማሿን ብቻ ብንጠቀም 12 ዋት ለሚስብ ሪሲቨር ሦስት ሰዓት ተኩል ታበቃለች። ዲሹ ጫፍ ላይ ያለው ኤልኤንቢም የሚመገበው ከዚያው ከሪሲቨሩ ነው፤ ሌላ መስመር አይፈልግም።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ቮልቱ ከ14 ሊያልፍ ይችላልና መሐሉ ላይ 12 ቮልት የሚጠብቅ መቆጣጠሪያ እንዲያስገባ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ይንገሩት። ብርድ ደግሞ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል። በበጋ ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት ጓሳ ባትሪው ከቤት ውጭ ማደር የለበትም።

ኢንተርኔት በዚህ በኩል ሌላ ጣጣ ያመጣል። ቤቱ ባትሪ ቢኖረውም የኔትወርኩ ማማ የራሱ መብራት ያስፈልገዋል፤ እሱ ደግሞ በእርስዎ እጅ አይደለም። የቤቱ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ማማው ከጠፋ የሚቀዳ ነገር የለም።

ዲሹን ወዴት?

የአገር ውስጥ ቻናሎች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮሳት በሚል ስም ኤንኤስኤስ-12 በተባለው ሳተላይት ላይ ተሰባስበዋል። ሳተላይቱ ያለው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ የሚታዩት ከናይልሳት አቅጣጫ፣ ከ7 ዲግሪ ምዕራብ ነበር። የድሮ ዲሽ ያለው ቤት መጀመሪያ ማየት ያለበት ሳህኑ ወዴት እንደዞረ ነው፤ ሁለቱ ሳተላይቶች ከመንዝ ሲታዩ ተቃራኒ በሚባል አቅጣጫ ናቸው።

ከመሐል ሜዳ ከተማና ከጓሳ አካባቢ ሲታይ ኢትዮሳት በኮምፓስ 120 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ከአግድም ወደ 66 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይገኛል። ኮምፓስ የሌለው ሰው በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣበትን ቦታ ያስታውስና ከዚያ ትንሽ ወደ ደቡብ ይበል። 66 ዲግሪ ማለት ወደ አናት የቀረበ ስለሆነ የጎረቤት ባሕር ዛፍም ሆነ ከፊት ያለ ጉብታ እምብዛም አይከልለውም። ናይልሳት ግን በ260 ዲግሪ፣ ወደ ምዕራብ፣ 35 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ብቻ ነው። ከቤትዎ በስተ ምዕራብ ገደል አፋፍ ወይም ረጅም ዛፍ ካለ እሱን ለማግኘት ሳህኑን ከቦታው ማንሳት ሊያስፈልግ ይችላል።

የጓሳ ሣር የለበሰ ጣሪያ ላይ ዲሽ አይተክሉ። ነፋሱ ያወዛውዘዋል፤ ጥቂት ዲግሪ ማዘንበል ደግሞ ሲግናሉን ያጠፋዋል። ወፍራም ቱቦ መሬት ውስጥ በሲሚንቶና በድንጋይ ተክሎ፣ ሳህኑን በዚያ ላይ ማሰር ይሻላል። ሜዳ ላይ የቆመ ብረት መብረቅ ስለሚያሰጋው ቱቦው ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ ይኑረው። ነጎድጓድ ሳይቀርብ ገመዱን ከሪሲቨሩ ነቅሎ ማስቀመጥ ይገባል፤ የዚያን ቀን ቅጂ ቢቀር ይቅር፣ ሪሲቨሩ ይትረፍ።

የዲሽ ደካማ ጎን ዝናብ ነው። እነዚህ ሳተላይቶች የሚጠቀሙበት 11 ጊጋኸርዝ ገደማና ከዚያ በላይ የሆነ ሞገድ በከባድ ዝናብ ይዳከማል። የሐምሌና የነሐሴ ከሰዓት በኋላ ዶፍ ለደቂቃዎች ምስሉን ሊሰባብረው ይችላል። መፍትሔው አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ሳህን መግዛትና በጠራ ቀን የሲግናል ጥራቱ እስከሚቻለው ድረስ እንዲወጣ ማስተካከል ነው፤ ዲሽ የሚሠራው ልጅ «ይበቃል፣ ምስል መጥቷል» ቢልዎ እንኳ የጥራቱ ቁጥር ከዚህ በላይ እንደማይወጣ እስኪያዩ አይልቀቁት። በጠራ ቀን በጭንቅ የሚይዝ ዲሽ ሐምሌ ላይ አይይዝም። ሌላም አለ፦ በመስከረም አጋማሽና በመጋቢት መጀመሪያ አካባቢ ለጥቂት ቀናት፣ ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ከሳተላይቱ ኋላ ስለምታልፍ ሲግናሉ ለደቂቃዎች ሊወድቅ ይችላል። ያን ጊዜ ዲሹን አይነካኩ፤ ራሱ ይመለሳል።

ሪሲቨርና ማስቀመጫ

ሪሲቨር ሲገዙ ካርቶኑ ላይ «ዲቪቢ-ኤስ2» የሚለውን፣ የፍላሽ መሰኪያ መኖሩን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ፒቪአር» (መቅዳት) እና «ታይመር» (በተሞላ ሰዓት መቅዳት) የሚሉትን ይፈልጉ። የፍላሽ ቀዳዳ ያለው ሁሉ ይቀዳል ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ከፍላሽ ፊልም ማጫወት ብቻ ነው የሚችለው። ሱቁ ውስጥ ዲሽ ካለ ፍላሽ አስገብተው አንድ ደቂቃ ቀድተው፣ የተቀዳውን መልሰው ከፍተው ይግዙ።

ርካሽ ሪሲቨር አንድ መቀበያ ብቻ አለው። ይህ ማለት አንዱን ቻናል እየቀዳ ሌላ ማየት የሚቻለው ሁለቱ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ከሆኑ ብቻ ነው። ልጆቹ ሌላ ሲቀይሩ ቅጂው ይቆማል የሚለው ጭቅጭቅ መነሻው ይህ ነው። የትኞቹ ቻናሎች አብረው እንደሚሄዱ አንድ ምሽት እየቀዱ ይሞክሩና ዝርዝሩን ቴሌቪዥኑ ጎን ይለጥፉ።

ማስቀመጫው ላይ የጓሳ ከፍታ ራሱ ይመጣል፤ ይህን ነጥብ ብዙ ሻጭ አያነሳውም። የጓሳ ጥብቅ ስፍራ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ መሐል ሜዳም ከ3000 በላይ ናት። በውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ያለው ተራ ሃርድ ዲስክ ግን አብዛኞቹ አምራቾች እንዲሠራ የሚፈቅዱለት እስከ 3048 ሜትር ነው። ምክንያቱ አየር ነው። የዲስኩ ማንበቢያ በሳህኑ ላይ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ንጣፍ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ንጣፉ ይሳሳል፣ ማንበቢያው ሳህኑን ሊነካ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ዓመታት ያገለገለ ሃርድ ዲስክ እዚህ ወጥቶ ቢበላሽ ሊያስገርም አይገባም። ፍላሽና ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌላቸው ይህ አይነካቸውም። ዋሽንግተን ያለው ዘመድ መላክ ያለበትም ይህንኑ ነው፤ አንድ ደህና ኤስኤስዲ ከየትኛውም የኬብል መቅጃ ይልቅ ይጠቅማል።

ስንት ይበቃል? በሰከንድ 3 ሜጋቢት የሚተላለፍ ተራ ጥራት ያለው ቻናል በሰዓት 1.35 ጊጋባይት ይወስዳል፤ 6 ሜጋቢት የሆነ ኤችዲ 2.7 ጊጋባይት። ስለዚህ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ኤችዲውን 23 ሰዓት ገደማ፣ ተራውን የዚያን እጥፍ ይይዛል። ፍላሹ «ፋት32» በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ከሆነ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት መብለጥ ስለማይችል ረጅም ቅጂ ቁርጥራጭ ይሆናል። ሪሲቨሩ ሌላ ምርጫ ካለው ፍላሹን በራሱ በሪሲቨሩ ፎርማት ያስደርጉት።

የሰዓቱ ወጥመድ

ቅጂ ከሚያበላሹት ነገሮች ሁሉ በጣም የተለመደው ሰዓት ነው። ሪሲቨሩ የሚያውቀው ባለ 24 ሰዓቱን የፈረንጅ አቆጣጠርና የፈረንጅ ቀን ነው። መጀመሪያ የሰዓት ክልሉ ሲደመር 3 መሆኑን ያረጋግጡ። ከዚያ ቀን ቀን በእኛ ሰዓት ላይ 6 ይደምሩ፤ ማታ ከ1 እስከ 5 ሰዓት ባለው 18 ይደምሩ። የምሽት 2 ሰዓት ዜና 20:00 ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ደግሞ 6 ይቀንሱ፤ ቀኑም ይቀየራል። የፋሲካ ሌሊት 9 ሰዓት የሚባለው ለሪሲቨሩ የእሑድ 03:00 ነው፤ ቅዳሜ ብሎ የሞላ ሰው ባዶ ፍላሽ ያገኛል።

አንድ እውነተኛ ምሳሌ እንውሰድ። ታምራት ቶላ በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘው ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር፤ ውድድሩ የተጀመረው በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ሪሲቨሩ ላይ መሞላት የነበረበት 10/08/2024፣ 09:00 ነው። ታምራት የገባው በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ነው። «ማራቶን ሁለት ሰዓት ነው» ብሎ ሁለት ሰዓት ብቻ የሞላ ቤት ሩጫውን ሁሉ አግኝቶ መጨረሻውን ያጣ ነበር። በቀጥታ ለሚተላለፍ ነገር ከፊት 10 ደቂቃ፣ ከኋላ ቢያንስ 45 ደቂቃ ይጨምሩ። ለበዓል ሥርጭት ከዚያም ይብለጥ።

ጥምቀት ራሱ በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ ይዋልላል። በ2017 ዓ.ም. ጥር 11 የዋለው በጃንዋሪ 19 ሲሆን፣ ጳጉሜን 6 የነበራት ዓመት ባለፈ ማግስት፣ በ2016 ግን በጃንዋሪ 20 ነበር። ያምናውን ቀን ዘንድሮ ከመሙላት በፊት የቀን መቁጠሪያ ይመልከቱ።

ኢንተርኔት የሚበልጥበት ቦታ

እስካሁን የተባለው ሁሉ ወደ ዲሽ ያደላ ነው፤ ለጓሳ ይህ ማድላት ትክክል ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን የመንዝ ሰው አይረሳውም። በዚያ ጊዜ በኢንተርኔት ብቻ የተመካ ቤት ያለ ምስል ቀርቷል።

ይሁን እንጂ ኢንተርኔት ዲሽ የማይችለውን አንድ ነገር ይችላል፤ ያለፈውን ይመልሳል። ታይመር መሙላት የተረሳበት፣ ዝናብ የሰበረው፣ መብራት የቆረጠው ዝግጅት ብዙ ጊዜ በማግስቱ በጣቢያው የዩቲዩብ ገጽ ላይ ይገኛል። የጣቢያዎቹ ዜናና የመዝናኛ ዝግጅቶች በብዛት እዚያ ይጫናሉ። እዚህ ላይ ቀጥታ ሥርጭትን በኢንተርኔት መቅዳትና የተጫነውን በኋላ ማውረድ የተለያዩ መሆናቸውን ልብ ይበሉ። ቀጥታውን ሲቀዱ ኔትወርክ ለ30 ሰከንድ ቢጠፋ ያ 30 ሰከንድ ለዘላለም ሄዷል። የተጫነውን ሲያወርዱ ግን ቢቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል፤ ደካማ ኔትወርክ ባለበት ይህ ሁለተኛው መንገድ ብቻ ነው የሚያዋጣው።

ወጪውን ከወዲሁ ያስሉ። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚወርድ፣ ለስልክ የሚበቃ ምስል በሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል። በየምሽቱ አንድ ሰዓት የሚያይ ቤት በወር 13.5 ጊጋባይት ይፈልጋል ማለት ነው። ዲሹ ለዚሁ አንድ ሳንቲም አይጠይቅም። ኢንተርኔቱን ላመለጠ ነገር ብቻ የሚጠቀም ግን በወር ሁለት ሦስት ሰዓት ቢያወርድ ነው፤ ይህ ከአንድ ጊጋባይት ተኩል አይዘልም። የሌሊት ጥቅል መግዛትም ያቀልለዋል።

የቤትዎን ኔትወርክ የሚለኩት ኮረብታ ላይ ወጥተው አይደለም። ስልኩን ሪሲቨሩ የሚቀመጥበት ቦታ አድርገው፣ ሁሉም ስልኩን በሚጠቀምበት በምሽት 2 ሰዓት፣ አንድ ቪዲዮ ለአሥር ደቂቃ ያጫውቱ። ሦስት ምሽት ሳይቆም ከሄደ ተስፋ አለው። ካልሄደ ለገበያ ወደ መሐል ሜዳ ሲወርዱ እዚያ አውርዶ መመለስ ይሻላል፤ ዩቲዩብ ራሱ «አውርድ» የሚል ምርጫ ከሰጠዎ በእሱ ይጠቀሙ።

ከተማ ሲወርዱ ፍላሽ ላይ ፊልም የሚጭኑ ሱቆችም አሉ። ስለ እነሱ ሕጉን ማወቅ ይገባል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሰው ለግል ጥቅሙ ቅጂ እንዲያደርግ ቦታ ይሰጣል። የጥምቀትን ሥርጭት ቀድቶ ከቤተሰብ ጋር ማየት አንድ ነገር ነው፤ የሰውን ፊልም አባዝቶ መሸጥ ሌላ።

ወርሃዊ የሚከፈልበትን ዲኤስቲቪ የሚያስብ ቤት ደግሞ «ኤክስፕሎራ» የተባለው ዲኮደር እንደሚቀዳ ይወቅ፤ ቅጂው ግን ከዚያው ዲኮደር ውጭ አይከፈትም። ለልጅ ልጅ ይቆይልኝ ለሚሉት ነገር አይሆንም።

እንግዲህ ለየቤቱ

መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ መብራትና ኔትወርክ ያለው ቤት ዲሹን ዋና አድርጎ ኢንተርኔቱን ለመጠባበቂያ ይያዝ። ከከተማ ርቆ በሶላር የሚኖር ቤት ሙሉ በሙሉ በዲሽ፣ በ12 ቮልት ሪሲቨርና በፍላሽ ይሂድ፤ ለኢንተርኔት ሊያወጣ ያሰበውን ገንዘብ ባትሪ ላይ ያውለው። ቤት ተከራይቶ በየዓመቱ የሚቀያይር አስተማሪ ወይም ተማሪ ዲሽ ከመትከል ስልኩን ቢጠቀም ይሻለዋል። አሜሪካ ያለው የመንዝ ልጅ ደግሞ የኢትዮሳት ሳተላይት ከአሜሪካ ሰማይ ላይ ስለማይታይ ያለው አማራጭ ኢንተርኔት ብቻ ነው።

ሁሉም ከተዘጋጀ በኋላ ከበዓሉ አስቀድሞ አንድ ሙከራ ያስፈልጋል። ከከተራ ሦስት ቀን በፊት፣ ጥር 7 ላይ፣ ለማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት የሚቆይ ታይመር ይሙሉና ሪሲቨሩን አጥፍተው ከቤት ይውጡ። ቅጂው ሲጀምር ቤት የቀረ ሰው መብራቱን ከግድግዳ ነቅሎ ከአምስት ደቂቃ በኋላ መልሶ ይሰካ። ማታ ፍላሹን ሲከፍቱ መብራቱ ከተመለሰ በኋላ ቅጂው በራሱ የቀጠለ ከሆነ ሪሲቨሩ በመብራት ብቻ ሊተው ይችላል። ካልቀጠለ ሁለት ቀን ቀርቶዎታል፤ ባትሪውን ያኔ ያገናኙት፣ ጥር 9 ማታም ያንኑ ሙከራ ይድገሙት።